ከዘፈኑ ተነስቶ ክሊፕ መሥራት፦ ከዕቅድ እስከ ስርጭት የሚዘልቅ ዝርዝር መመሪያ

የሙዚቃ ክሊፕ ከሌላው የፊልም ሥራ የሚለየው ድምፁ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት አልቆ የሚጠብቅ በመሆኑ ነው። በፊልም ሥራ ብዙውን ጊዜ ምስሉ ተቀርጾና ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ሙዚቃ ይለብሳል፤ በክሊፕ ግን ርዝመቱም፣ ፍጥነቱም፣ የስሜቱ መውጣትና መውረድም አስቀድሞ ስለተወሰነ ምስሉ የሚሰፋው በዘፈኑ ልክ ነው። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ከካሜራ ምርጫ ይጀምሩታል፤ በእኔ እምነት ግን የካሜራው ጉዳይ ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ በቀላሉ የሚመለሰው ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል ከዘፈኑ ተነስቶ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ቀረጻ ቦታ፣ ከዚያም ወደ ኤዲቲንግ ይሄዳል።

የዘፈኑን የመጨረሻ ቅጂ በእጅ ማስገባት

ሚክሲንጉም (የድምፆቹ ማመጣጠን) ማስተሪንጉም (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ያለቀለትን ዘፈን፣ ከተቻለ ባልተጨመቀ የዌቭ ፋይል፣ ሳይቀበሉ የቀረጻ ቀን አይቁረጡ። «የቀረችው ትንሽ ናት፤ እናንተ በዚህ ጀምሩት» የሚል አቀናባሪ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ትንሿ ነገር ግን የሰነበተ ጣጣ ታመጣለች። በአንድ ወቅት በደቂቃ 96 ምት በሚሄድ ቅጂ ቀረጻውን ከጨረስን በኋላ ዘፈኑ «ትንሽ እንዲነቃ» ተብሎ ወደ 98 ምት ከፍ ብሎ መጣ። የሁለት ምት ልዩነት በጆሮ እምብዛም አይለይም፤ ከንፈር ላይ ግን ዘፈኑ በተጀመረ በአራት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለት ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ያህል መዛነፍ ፈጠረ፣ በሦስት ደቂቃ ተኩሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከአራት ሰከንድ በላይ ደረሰ። ከቀረጽነው ውስጥ ድምፃዊው የሚታይበትን አብዛኛውን ክፍል ከመጣል በቀር አማራጭ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ የፋይሉን ስም፣ ርዝመቱንና የተቀበልኩበትን ቀን ጽፌ ድምፃዊውንም አቀናባሪውንም ሳላስፈርም ወደ ቀጣዩ ደረጃ አልሄድም።

ፋይሉ እጅዎ ሲገባ የዘፈኑን የሰዓት ሉህ ያዘጋጁ። በአንድ ዓምድ ደቂቃና ሰከንዱን፣ በሁለተኛው ክፍሉን፣ ማለትም መግቢያ፣ የመጀመሪያ ግጥም፣ አዝማች፣ መሸጋገሪያና መዝጊያ እያሉ፣ በሦስተኛው ግጥሙን ስንኝ በስንኝ፣ በአራተኛው ደግሞ በጆሮ የሚሰማውን ለውጥ ይጻፉ። «በ0፡42 ላይ ከበሮው ይገባል»፣ «በ2፡31 ላይ ሁሉም መሣሪያ ያቆምና ድምፃዊው ብቻውን ይቀራል» የሚሉ ማስታወሻዎች በኋላ የምስል ውሳኔ የሚሰጥባቸው ቦታዎች ናቸው። ሉህ በሚዘጋጅበት ጊዜ ዘፈኑን ከአሥር ጊዜ ያላነሰ መስማት የግድ ነው፤ ከሰባተኛው በኋላ መሰልቸት ይመጣል፣ እስከዚያ ያልተሰሙት ነገሮች መሰማት የሚጀምሩትም ያኔ ነው።

ቀጥሎ ትንሽ ሒሳብ ይሥሩ። በደቂቃ 90 ምት የሚሄድ፣ አራት አራት ምት በሚቆጠርበት ባር የተሠራ የአራት ደቂቃ ዘፈን 360 ምት፣ ማለትም 90 ባር አለው፤ አንዱ ባር ሁለት ሰከንድ ከሁለት ሦስተኛ ይወስዳል። ምስሉ በየባሩ የሚቀየር ከሆነ 90 ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ምስል)፣ በየሁለት ባሩ ከሆነ 45 ሾት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ክሊፑ በአንድ ቀን ያልቃል ወይስ ሁለት ቀን ይፈልጋል የሚለውን ጥያቄ ከማንኛውም ግምት በተሻለ ይመልሳል። ዝግ ያለ ዘፈን የመረጠ ሰው ረዘም ያሉ ሾቶችን መሸከም ስለሚችል ብዙ ጊዜ በአነስተኛ ወጪ ይወጣል፤ ፈጣን ዘፈን ግን ምስል ይበላል።

ፈቃድና ውል

ይህ ክፍል አሰልቺ ቢሆንም አጭር ነው። በአንድ ዘፈን ውስጥ የግጥሙ፣ የዜማውና የተቀዳው ድምፅ መብት የተለያዩ ሰዎች ሊሆን ስለሚችል፣ ድምፃዊው «ዘፈኑ የእኔ ነው» ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ ዘፈኑን ከምስል ጋር ለማዋሐድ ከእያንዳንዱ ባለመብት የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ። ከዚህ ሌላ ፊቱ የሚለይ ሰው ሁሉ ምስሉ እንዲሠራበት የሚፈቅድበትን አንድ ገጽ ውል፣ የቀረጻ ቦታው ባለቤት ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን የሚገልጽ ፈቃድ ይፈርሙ። ድሮን ለማብረር፣ መንገድ ለመዝጋት፣ የጦር መሣሪያ የሚመስል ነገር አደባባይ ላይ ለማሳየት ከሚመለከተው የአካባቢው ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ወይም ጎልቶ የሚታይ የንግድ ምልክትም የራሱ ባለቤት አለው፤ ካልፈለጉት ከማስነሳትና ከመሸፈን የሚቀል መፍትሔ የለም።

ሐሳቡን ማውጣትና መጻፍ

ክሊፖች በጥቅሉ በሦስት መንገድ ይሠራሉ፤ ድምፃዊውና ሙዚቀኞቹ ሲጫወቱ በማሳየት፣ ታሪክ በመተረክ፣ ወይም ታሪክም ትርኢትም ባልሆነ ተከታታይ ምስል አንድ ስሜት በመገንባት። አብዛኛዎቹ ሁለቱን ያቀላቅላሉ፤ ታሪኩ ሲደክም ትርኢቱ ይደግፈዋል፣ ትርኢቱ ሲሰለች ታሪኩ ይተካዋል። ባጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ምክሬ በትርኢቱ ላይ አንድ ጠንካራ የምስል ሐሳብ እንዲጨምር ነው፤ ምክንያቱም ታሪክ ተዋናይ፣ ልብስ፣ ቦታና ጊዜ ይጠይቃል፤ በአራት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ያለ ንግግር ሰው ማስተዋወቅ፣ ችግር ማንሳትና መፍታት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም።

ሐሳብ ሲፈልጉ ከሁሉ በፊት የሚሸሹት ነገር ግጥሙን ቃል በቃል መሳል ይሁን። ድምፃዊው «ዝናብ» ሲል ዝናብ፣ «መንገድ» ሲል መንገድ የሚያሳይ ክሊፕ ተመልካቹ የሰማውን ነገር በምስል እየደገመለት ነውና አዲስ ነገር አይሰጠውም። የተሻለው መንገድ ግጥሙ ያላለውን፣ ነገር ግን ዜማው የያዘውን ነገር መፈለግ ነው። ሐሳቡ መያዙን የሚፈትነው ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር መነገር መቻሉ ነው።

ለምሳሌ የመለያየት ዘፈን ቀረበልን እንበል፤ አዝማቹ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ሐሳቡ «አንዲት ሴት ስትዘፍን ክፍሏ ከአዝማች ወደ አዝማች ባዶ እየሆነ ይሄዳል» የሚል ነው። በመጀመሪያው አዝማች ክፍሉ በዕቃ የተሞላ ነው፤ በሁለተኛው ሶፋውና መጽሐፍ መደርደሪያው የሉም፤ በሦስተኛው ምንም አልቀረም፤ ፎቶው ተሰቅሎበት የነበረው የግድግዳው ክፍል ብቻ ከዙሪያው ነጣ ብሎ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። የተጣሉ ጥንዶች፣ እንባና የተቀደደ ደብዳቤ አላስፈለጉም። ከዚህም በላይ አዝማች በተመለሰ ቁጥር ተመልካቹ የሚያገኘው አዲስ ነገር ተገኝቷል፤ ይህ የክሊፕ ሥራ ትልቁ ፈተና ነው፤ ዘፈን ራሱን ይደግማል፣ ምስል ግን ሲደግም ያረጃል።

ሐሳቡን ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ ያስፍሩት። ጽሑፉ ዘፈኑ ሲጀምር ምን እንደሚታይ፣ በየክፍሉ ምን እንደሚለወጥ፣ ቀለሙና ብርሃኑ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ድምፃዊው ምን እንደሚለብስና ካሜራው የረጋ ይሁን የሚንቀሳቀስ መግለጽ አለበት። ጥቂት ናሙና ፎቶግራፎች ቢያያይዙ «ሞቅ ያለ ብርሃን» የሚለውን ሐረግ እርስዎ፣ ድምፃዊውና ካሜራማኑ በሦስት የተለያየ መንገድ እንዳትረዱት ይጠቅማል። ድምፃዊው በዚህ ደረጃ ይከራከር፣ ይለውጥ፣ ይጨምር፤ በወረቀት ላይ የተነሣ ጭቅጭቅ ወጪ የለውም።

በጀትና ቡድን

በጀቱን በአምስት ርዕስ ይክፈሉት፤ የሰው ክፍያ፣ የዕቃ ኪራይ፣ ቦታና ማስዋቢያ፣ ትራንስፖርትና ምግብ፣ ከቀረጻ በኋላ ያለው ሥራ። ከጠቅላላው አሥር በመቶ ገደማ መጠባበቂያ ይያዙ፤ ለማንም ባይነግሩት ይመረጣል፣ መጠባበቂያ እንዳለ የታወቀ ቀን ያልቃልና። ጀማሪዎች የሚዘነጉት የመጨረሻውን ርዕስ ነው፤ ገንዘቡ ሁሉ በካሜራና በመብራት ላይ ይፈስና ኤዲተሩ በምስጋና ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። ምግብን በተመለከተም መቆጠብ ያዋጣል ብዬ አላምንም፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ያልበላ ቡድን ረሃቡ በሚቀርጸው ሾት ላይ ይነበባል።

ትንሹ ቡድን ከዳይሬክተሩ ሌላ ካሜራማን፣ የመብራት ባለሙያ፣ የሜካፕና የአልባሳት ባለሙያ፣ ሰዓት የሚጠብቅ ረዳት ዳይሬክተርና ዘፈኑን የሚከፍት ሰው ያስፈልገዋል። የመጨረሻው ሰው ሥራው ቀላል መስሎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ «ማንም ይከፍተዋል» ተብሎ ይተዋል፤ ውጤቱም እያንዳንዱ ቀረጻ ከሌላ ቦታ መጀመሩ፣ ድምፃዊው በየጊዜው «ከየት ነው?» ብሎ መጠየቁና የቀኑ ግማሽ ሰዓት በስልክ ላይ ወደፊትና ወደኋላ በመጎተት ማለቁ ነው። የሰዓት ሉሁን የያዘ፣ «ከሁለተኛው አዝማች» ሲባል ወዲያው 1፡48 ላይ የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ቀኑን ያድናል።

የሾት ዝርዝርና የቦታ ጉብኝት

የሰዓት ሉሁን ይውሰዱና ከእያንዳንዱ ክፍል ጎን የሚታየውን ሾት ይጻፉ፤ ማን እንዳለበት፣ ሰፊ ወይም ቅርብ መሆኑን፣ ካሜራው የት እንደሚቆም። ስቶሪ ቦርድ (የሾቶቹን ንድፍ በሥዕል) ለመሥራት ሥዕል መቻል አያስፈልግም፤ ክብ ጭንቅላትና ቀጥ ያለ መስመር ሰው ለመሆን ይበቃል፣ ዋናው የሰውየው መጠን በፍሬሙ ውስጥ መታየቱ ነው። ከዚያ ዝርዝሩን ከዘፈኑ ቅደም ተከተል አውጥተው በቦታና በብርሃን አቅጣጫ እንደገና ይደርድሩት፤ የቀረጻ መርሐ ግብር የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ዝርዝር ነው። ክፍሉ ባዶ የሚሆንበት ምሳሌያችን እዚህ ላይ የራሱን ግዴታ ያመጣል፤ አንዴ የወጣ ዕቃ ወደነበረበት ቦታ በትክክል ስለማይመለስ፣ የመጀመሪያው አዝማች በሁሉም አቅጣጫ ተቀርጾ ካላለቀ አንድ ወንበር እንኳ መነካት የለበትም።

የቀረጻ ቦታውን የሚጎበኙት ቀረጻው በሚካሄድበት ሰዓት ይሁን። ጠዋት በመስኮት የሚገባ ብርሃን ከሰዓት በኋላ የለም፤ ኮምፓስ ይዘው ፀሐይ የት ወጥታ የት እንደምትጠልቅ ምልክት ያድርጉ። የኤሌክትሪኩን አቅም ይጠይቁ፤ 2000 ዋት የሚበላ አንድ መብራት በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር፣ በ110 ቮልት ወደ 18 አምፔር ስለሚስብ፣ ሁለት እንዲህ ያሉ መብራቶችን በአንድ መስመር ላይ መሰካት ቤቱን ሊያጨልመው ይችላል። መጸዳጃ ቤት፣ ልብስ መቀየሪያና መኪና ማቆሚያ መኖሩንም እግረ መንገድዎን ይዩ። በአንድ ነገር ግን ክሊፕ ሠሪ ከፊልም ሠሪ ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ከውጭ የሚሰማ የጀነሬተር ወይም የመኪና ድምፅ አያስጨንቀውም። እንዲያውም ቀረጻው እየሄደ ዳይሬክተሩ «አሁን ወደ መስኮቱ ዙሪ፣ አትቸኩይ» እያለ ጮክ ብሎ መምራት ይችላል።

የፍሬም፣ የሹተርና የፍጥነት ውሳኔ

ክሊፑ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚወጣ ከቀረጻው በፊት ይወስኑ፤ 24፣ 25 እና 30 የተለመዱት ናቸው። እንደ ምሳሌ 24 ብንመርጥ የሹተሩ ፍጥነት (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) በፍሬሙ እጥፍ አካባቢ፣ ማለትም በ1/48 ወይም 1/50 ሰከንድ ሲሆን እንቅስቃሴው ለዓይን የተፈጥሮ ይመስላል። የቤት ውስጥ መብራቶች ምስሉን እንዳያርገበግቡት ደግሞ ኤሌክትሪኩ 50 ሄርትዝ በሆነበት አገር 1/50 ወይም 1/100፣ 60 ሄርትዝ በሆነበት 1/60 ወይም 1/120 መጠቀም ያስፈልጋል።

ድምፃዊው ዝግ ባለ እንቅስቃሴ እየታየ ከንፈሩ ግን ከዘፈኑ ጋር የሚገጥምባቸው ምስሎች ብዙ ሰው የሚደነቅባቸው ናቸው፤ አሠራሩ ግን የማካፈል ሒሳብ ብቻ ነው። በሰከንድ 48 ፍሬም ቀርጾ በ24 ማሳየት እንቅስቃሴውን በግማሽ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ በቀረጻው ጊዜ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት መከፈት አለበት። በ36 ፍሬም ከሆነ ዘፈኑ በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈታል፤ የአራት ደቂቃው ዘፈን በ2፡40 ያልቃል። በእጥፍ ፍጥነት በትክክል መዝፈን ከባድ ስለሆነ፣ ለአብዛኛው ድምፃዊ አንድ ተኩሉን እመርጣለሁ፤ ያም ቢሆን የተፋጠነውን ቅጂ ከሳምንት በፊት ይላኩለትና በቤቱ ይለማመድበት። የድምፁ ቅጥነት ሳይቀየር ፍጥነቱን ብቻ የሚጨምሩ ሶፍትዌሮች ስላሉ ዘፈኑ እንደ ሕፃን ድምፅ እንዳይቀጥን ማድረግ ይቻላል። ብርሃንንም አይርሱ፤ 48 ፍሬም በ1/100 ሹተር መቅረጽ ከ1/50 ጋር ሲነጻጸር የብርሃኑን ግማሽ ያሳጣል።

ለቀረጻው ቀን የሚዘጋጀው የድምፅ ፋይል ራሱ ከዘፈኑ ይለያል። ከመጀመሪያው በፊት፣ እንዲሁም ከየአዝማቹ በፊት ተቆርጠው በተዘጋጁት ቅጂዎች ላይ፣ በዘፈኑ ምት የሚሄዱ አራት አጫጭር የ«ቲት» ድምፆች ያስገቡ። ድምፃዊዋ ከአራተኛው በኋላ እንደምትገባ ስለምታውቅ የመጀመሪያዋን ቃል አታመልጣትም።

የቀረጻ ቀን

ስፒከሩ ከድምፃዊው አጠገብ እንጂ ከካሜራው አጠገብ አይቀመጥ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ካሜራው ጣሪያ ላይ፣ ድምፃዊው 34 ሜትር ርቆ ሜዳ ላይ ቢቆምና ስፒከሩ ከካሜራው ጎን ቢሆን፣ ዘፈኑ ጆሮው የሚደርሰው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው፤ ይህም በ24 ፍሬም ስሌት ከሁለት ፍሬም ይበልጣል። ስፒከሩ ከድምፃዊው አጠገብ ሆኖ የካሜራው ማይክ ሩቅ ቢሆን ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ከንፈሩ ትክክል ነው፣ ካሜራው የቀዳው የመመሳከሪያ ድምፅ ግን የዘገየ ነው፤ ኤዲተሩ በዚያ ድምፅ ቢያጋጥመው ከንፈሩ ይቀድማል። መፍትሔው ትንሽ የድምፅ መቅጃ በስፒከሩ አጠገብ አስቀምጦ ከካሜራው ጋር በክላፕ (ቀረጻ ሲጀመር በሚጋጨው ሰሌዳ) ማጋጠም፣ ወይም ድምፁን በገመድ አልባ መሣሪያ በቀጥታ ወደ ካሜራው ማስገባት ነው። ክላፑ ባይኖር እጅ ማጨብጨብም ይበቃል፤ እጆቹ በፍሬሙ ውስጥ መታየት ብቻ አለባቸው።

ድምፃዊው በእውነት ይዝፈን። ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው አንገቱ አይወጠርም፣ ደረቱ ትንፋሽ አይስብም፣ ጉሮሮው አይነሳም፤ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቀውም ውሸቱን ያውቀዋል። ስፒከሩ በቂ ጩኸት ካለው ድምፃዊው የራሱ ድምፅ ስለማይሰማ አያፍርም፤ ብዙዎቹ የሚቆጠቡት በቀረጻ ቦታው ዝምታ ውስጥ ብቻቸውን መሰማቱን ስለሚፈሩ ነው።

በመጀመሪያ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር በሰፊ ሾት ይቅረጹ፤ ከዚያ በመካከለኛ፣ ከዚያ በቅርብ። እነዚህ ሦስት ሙሉ ቅጂዎች ምንም ሌላ ነገር ባይሳካ እንኳ ክሊፑን ይሸከማሉ፤ ስለዚህ ያማረውን የድሮን ምስል ከመፈለግዎ በፊት ካርዱ ላይ መኖራቸውን ያረጋግጡ። የቅርብ ሾቱን የፊትን ገጽታ በማያዛባ ከ50 እስከ 85 ሚሊ ሜትር ባለ ሌንስ ቢወስዱት ይሻላል፤ በ24 ሚሊ ሜትር ፊት ተጠግቶ መቅረጽ አፍንጫን ያተልቃል፣ ይህ የሚፈለግበት ዘፈን ቢኖርም ጥቂት ነው። ሙሉ ቅጂዎቹ ካለቁ በኋላ ወደ ዝርዝሩ ይሂዱ፤ ጣቶች በጊታሩ ክር ላይ፣ የግድግዳው ነጣ ያለ ካሬ፣ ሳጥን ላይ የሚታሰር ገመድ፣ የበር እጀታ። ኤዲተሩ አንድ ጉድለት መሸፈን ሲያስፈልገው የሚያመሰግንዎት ለእነዚህ ነው።

ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶችን መጠቀም ከፈለጉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይበሩ ያድርጉ፤ ከዚያ በላይ የሆነ ብልጭታ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ተመልካቾች ሊጎዳ ይችላል። የብዙ ካሜራዎች ሴንሰር ምስሉን ከላይ ወደ ታች በመስመር ስለሚያነብም አጭር ብልጭታ የፍሬሙን ግማሽ ብቻ አብርቶ ሊቀር ስለሚችል አስቀድመው ይሞክሩት። የጭስ ማሽን ብርሃኑን ያስውበዋል፣ የእሳት ማስጠንቀቂያውንም ያስጮኸዋል፤ የሕንፃውን ኃላፊ ቀድመው ያናግሩ።

ካርድ በሞላ ቁጥር ወደ ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ይገልበጥ፤ ፋይሎቹ ተከፍተው ሳይታዩ ካርዱ አይጥፋ። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ይሞላል፤ አንድ ሙሉ የአራት ደቂቃ ቅጂ 3 ጊጋ ባይት መሆኑን ካወቁ ስንት ካርድ እንደሚያስፈልግ ማስላት ቀላል ነው። ሁለቱ ዲስኮች ማታ በአንድ ቦርሳ ወደ አንድ ቤት አይሂዱ።

ኤዲቲንግ

ኤዲተሩ መጀመሪያ የሚሠራው እያንዳንዱን ቅጂ ከማስተሩ ዘፈን ጋር ማጋጠም ነው። ሶፍትዌሩ የድምፁን ሞገድ አመሳክሮ ይህን በራሱ ሊያደርገው ቢችልም፣ «መ»፣ «በ» እና «ፐ» በሚሉት ድምፆች ላይ ከንፈሩ ሲገጥም በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ከንፈር የሚዘጋባቸው እነዚህ ፊደሎች ውሸት አያውቁም። ከዚያ ሁሉንም ቅጂዎች አንዱን በአንዱ ላይ ደርድሮ ትርኢቱን ብቻ ይቆርጣል፤ ታሪኩና ዝርዝር ሾቶቹ የሚገቡት ትርኢቱ ብቻውን መታየት ከቻለ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ኤዲተር የሚያማምሩ ምስሎችን ይደረድርና ድምፃዊው የት እንደሚገባ ሲጨንቀው ያመሻል።

በየምቱ መቁረጥ የጀማሪ ምልክት ነው። በ90 ምት የሚሄድ ዘፈን በ24 ፍሬም ሲለካ አንዱ ምት በትክክል 16 ፍሬም ይወስዳል፤ በየ16 ፍሬሙ የሚቀየር ምስል ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሚርገበገብ መብራት እንጂ ክሊፕ አይመስልም። ዓይን አዲሱን ምስል ለመለየት ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድ ቁርጡ ከምቱ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቀደም ሲል በምቱ ላይ ያረፈ ይመስላል። ከምቱ ይልቅ ትንፋሹን መከተልም አንድ መንገድ ነው፤ ድምፃዊዋ ከስንኙ በፊት አየር ስትስብ ወደ ፊቷ መቅረብ፣ ቃሉ ሲያልቅ ደግሞ ሳይቸኩሉ ሌላ ግማሽ ሰከንድ መቆየት። በ2፡31 ላይ ሁሉም መሣሪያ ዝም በሚልበት ቦታ ምስሉም ዝም ይበል፤ አንድ ሳይቆረጥ የሚቆይ ሾት እዚያ ላይ ከሠላሳ ቁርጥ በላይ ይናገራል። አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግተው ክሊፑን ከዳር እስከ ዳር ይዩት፤ ያለ ዘፈኑ ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ምስሉ በዘፈኑ ጫንቃ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

አስተያየት የሚሰጡ ሰዎችን ቁጥርና የእርማቱን ዙር በውል ይገድቡ፤ ሁለት ዙር በቂ ነው። አስተያየቱ በደቂቃና በሰከንድ ተጽፎ ይምጣ። «መሀል አካባቢ ትንሽ ይሰለቻል» የሚል አስተያየት አይሠራበትም፤ «ከ1፡52 እስከ 2፡05 ፊቷን አጣሁት» የሚለው ግን ይሠራበታል።

የቀለም ሥራ የሚጀመረው ቁርጡ ከተዘጋ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ሾቶቹ በብርሃንና በነጭ ሚዛን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ በሚደረግ ማስተካከያ) እርስ በርስ ይመሳሰሉ፤ ቀጥሎ የክሊፑ አጠቃላይ መልክ ይሰጥ። የቆዳ ቀለም መለኪያዎ ይሁን፤ ግድግዳው ሰማያዊ ቢሆን ማንም አይቃወምም፣ ሰው ግን የታመመ መምሰል የለበትም። ክፍሏ ባዶ እየሆነ በሚሄደው ምሳሌያችን ቀለሙን ከአዝማች ወደ አዝማች በጥቂቱ እያቀዘቀዙ መሄድ ይቻላል፤ ተመልካቹ ካስተዋለው በዝቷል።

ማውጣትና መልቀቅ

ከመላክዎ በፊት በፕሮጀክቱ ውስጥ ያለው ድምፅ ለቀረጻ የተጠቀሙበት ባለ«ቲት» ቅጂ ሳይሆን ዋናው የዌቭ ማስተር መሆኑን ያረጋግጡ፤ ይህ ስህተት ከሚታሰበው በላይ ይደርሳል። ምስሉን በ1920 በ1080 ወይም በ3840 በ2160 ፒክስል፣ በቀረጹበት የፍሬም ቁጥር፣ በኤች 264 (በተለመደው የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት) ያውጡ። ለስልክ የሚሆኑ በ9 ለ16 የቆሙ አጫጭር ቅንጫቢዎችም ከፈለጉ ይህን ማሰብ የነበረብዎት ቀረጻው ላይ ነው፤ ካሜራማኑ ዋናውን ሰው በፍሬሙ መሀል ካላስቀመጠ፣ በኋላ ቆርጦ ማቆም ፊትን ግማሽ ያደርጋል።

ዩቲዩብ ላይ የሚለቁ ከሆነ ፋይሉን ከመልቀቂያው ሰዓት ብዙ ቀደም ብለው በዝግ ይጫኑት፤ ዝቅተኛው የምስል ጥራት ቶሎ ሲዘጋጅ ከፍተኛው ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ወዲያው የተለቀቀ ክሊፕን የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች በደበዘዘ ምስል ያዩታል። ዘፈኑ አስቀድሞ በአከፋፋይ በኩል ተመዝግቦ ከሆነም ኮንቴንት አይዲ የተባለው የዩቲዩብ የመብት መቆጣጠሪያ ሥርዓት የራስዎን ክሊፕ የሌላ ሰው ንብረት እንደሆነ አድርጎ ሊይዘው ይችላልና፣ ቻናሉን ከዚያ ቁጥጥር ነፃ እንዲያደርገው አከፋፋዩን አስቀድመው ይጠይቁ። የፊት ገጽ ምስሉን ከቪዲዮው ላይ ቆርጠው ከማውጣት ይልቅ በቀረጻው ቀን በፎቶ ካሜራ ለይተው ያንሱት። በመግለጫው ላይ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪውና የቀረጻ ቡድኑ ስም ከነሥራ ድርሻቸው ይሰፍራል፤ የስሞቹን አጻጻፍ ባለቤቶቹ ራሳቸው አይተው ያረጋግጡት።

በመጨረሻም የፕሮጀክቱን ፋይል፣ ጥሬ ቀረጻውን፣ የተፈረሙትን ውሎችና ጽሑፍ ያልገባበትን ንጹሕ ቅጂ በሁለቱ ዲስኮች ላይ አስቀምጠው፣ በላያቸው የዘፈኑን ስምና ቀኑን ይጻፉ። ከዓመት በኋላ ድምፃዊው ደውሎ «ያ ክሊፕ ያለ ጽሑፍ ይኖርሃል?» ማለቱ አይቀርም።